አሰልጣኛችንን ያወረድንበት እሑድ

አንዲት ሴት ሳትጠየቅ ተፈረደባት። የፈረድነው አሥራ ዘጠኝ ሴቶች ነን። ቦታው ቡርጅ ሐሙድ ውስጥ ያለ ፀጉር ቤት ነው። ክሱም ክለባችንን አስሸነፈች የሚል ነው። ከተነሡት እጆች አንዱ የእኔ ነበር። ይህ በደል እንዲጻፍ እፈልጋለሁ። የሌሎቹን እጅ ጽፌ የራሴን ብተወው ደግሞ ሁለተኛ በደል ይሆናል።

ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ቤይሩት የመጣሁት አንዲት ልጄን ለእናቴ ትቼ ነው፤ ያቺ ልጅ አሁን ኮምቦልቻ ሆና ሦስት ልጆች ወልዳለች። ትልቋ የልጅ ልጄ የምጽፈውን በስልክ እየተቀበለች የፊደል ስሕተቴን ታርምልኛለች። ሐሳቤን እንዳትነካ ግን አስጠንቅቄያታለሁ። አሥራ ስምንት ዓመት በሰው ቤት ሠርቼ ወገቤ እምቢ ሲለኝ አንዲት ጠባብ ሱቅ ከፈትኩ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ የፀጉር ቅባትና የስልክ ካርድ እሸጣለሁ። ፀጉር ቤቱ ከሱቄ ቀጥሎ ነው፤ በመካከላችን ያለው ግድግዳ ስስ ስለሆነ እዚያ የሚባለው ሁሉ እዚህ ይሰማል።

ኳስ የምወድ ሴት አልነበርኩም። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ልጆቹ ሁሉ ወደ ሜዳ ስለሚሄዱ ሱቄ ባዶ ይሆናል። አንድ ቀን ዘግቼ ተከተልኳቸው። ሜዳው ዶራ አጠገብ፣ ከድልድዩ በታች ያለ ትንሽ ሜዳ ነው። ሰው ሠራሽ ሣሩ በየቦታው ተልጧል፤ ዙሪያው በሽቦ ታጥሯል። በአንድ ወገን ስድስት ሴቶች ይጫወታሉ። የፊሊፒኖቹ ቡድን አለ፣ የስሪላንካዎቹ አለ፣ የኬንያዎቹና የሴራሊዮኖቹ አለ፣ የእኛም አለ። ሁሉም ሳምንቱን ሙሉ የሰው ቤት ሲያጥቡ ሰንብተው የመጡ ናቸው። በዚያች በመጀመሪያዋ ቀን የእኛን ልጅ ከኋላ መትተው ጣሏትና ዳኛው ዝም አለ። ሽቦውን ይዤ ጮኽኩበት። ከዚያ ወዲህ አንድም እሑድ ቀርቼ አላውቅም።

አሰልጣኛችን አርባ ዓመት ገደማ የሚሆናት፣ ቀጭን፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ሴት ናት። እንደኛ በሰው ቤት ጀምራ፣ አሁን ሐምራ በሚባለው ሰፈር በሰዓት እየተቀጠረች ታጸዳለች። ሜዳ ዳር ቆማ አትጮኽም። አንድ ደብተር አላት፤ እዚያ ውስጥ የየተጫዋቿን የሳምንት ሥራ ትጽፋለች። ማን ቅዳሜ ምንጣፍ ስታጥብ ዋለች፣ የማን ማዳም፣ ማለት አሠሪዋ፣ እንግዳ ጠርታ ስታቆማት አመሸች፣ ማን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ቤት መግባት አለባት። ቡድኑን የምታሰልፈው ከዚያ እያነበበች ነው። ደረጃ ስታጥብ የሰነበተችውን አጥቂ ከእረፍት በፊት አታስገባትም። እንቅልፍ አጥታ ዓይኗ የቀላውን ልጅ ደግሞ ወደ እኔ ትልካትና «እማማ፣ ይቺን ጥላ ሥር አስቀምጡልኝ» ትለኛለች። ሌሎቹ ቡድኖች ይስቁብን ነበር። ግን እስከ ፋሲካ ድረስ ያሸነፈን አልተገኘም።

የደጋፊዎቹ አለቃ ፀጉር ሠሪዋ ናት። ማንም አልመረጣትም፤ ጉሮሮዋ ነው የሾማት። ጨዋታውን በስልኳ በቀጥታ ታስተላልፋለች። እሑድ ዕረፍት ያልተሰጣቸው ልጆች በየማዳማቸው ኩሽና ሆነው፣ ሰሐን እያጠቡ ያዩናል። ጨዋታው ሲያልቅ ሁላችን ወደ ፀጉር ቤቷ እንመለሳለን፤ ስልኩን መስተዋቱ ላይ ታስደግፈዋለች፤ ክርክሩም በቀጥታ ይተላለፋል። እኔ የጥግ ወንበር አለኝ። በዕድሜ ስለምበልጣቸው አይደለም፤ አንዴ ከተቀመጥኩ ስለማልነሣ ነው።

ከፋሲካ በኋላ ሰባት ጨዋታ ሲቀረን ነገር ተበላሸ። ሙቀቱ ቀድሞ ገባና ማዳሞቹ ቤታቸውን እየዘጉ ወደ ጀበል፣ ወደ ተራራው መውጣት ጀመሩ፤ ሠራተኞቻቸውንም ይዘው ይወጣሉ። ግራ ተከላካያችን በዚህ ሄደችብን። ዘጠኝ ቁጥሯ ቁርጭምጭሚቷ ወለም አለ። የአማካይዋ ጉልበት አበጠ። ከስሪላንካዎቹ ጋር አቻ ወጣን፤ ቀጥሎ ኬንያዎቹ ሁለት ለአንድ አሸነፉን። የዚያን ቀን ፀጉር ቤቱ ውስጥ የነበረውን ልንገራችሁ።

«አሰልጣኟ ፈርታ ነው የምታጫውተን» አለች ፀጉር ሠሪዋ፣ የአንዷን ልጅ ፀጉር እየጎነጎነች። «አንድ ጎል ስናገባ ሁሉንም ወደ ኋላ ትጠራለች። ያኒ፣ ሌባ መጣ ብለው እንደ ነገሯት ማዳም በር በበር ላይ መዝጋት ነው።»

«ቀስ በይ፤ ጭንቅላቴ ነው፣ ኳስ አይደለም» አለች የምትጎነጎነው ልጅ።

«ዘጠኝ ቁጥሯንስ ማን ሰበራት? ልምምድ አብዝታባት ነው።»

«ምን ልምምድ አለ? መብራት ጠፍቶ ሊፍቱ ሲቆም፣ ውሃ ተሸክማ ስድስተኛ ፎቅ ስትወጣ ነው የወለማት።»

«እንግዲያው መብራቱንም አሰልጣኟ ናት ያጠፋችው በሉ» አልኩ ከጥጌ።

ሳቁ። «እማማ ጠበቃ ቆሙላት» አለች ፀጉር ሠሪዋ።

«ጠበቃ አይደለሁም። ያላጠፋችውን አትጨምሩባት ነው የምለው።»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። በሳምንቱ ያደረግሁትን ስታነቡ ይህን አትርሱ።

በሳምንቱ የሚጠብቀን ጨዋታ ከሴራሊዮኖቹ ጋር ነበር። ካሸነፍን ወደ አንደኝነታችን እንመለሳለን፤ ከተሸነፍን የዓመቱ ዋንጫ አበቃለት። ተስፋችን ሁሉ በረኛዋ ላይ ነበር። በረኛዋ ገና ሃያ አምስት ያልሞላት፣ እጇ ረጅም፣ ወደ ኳስ ስትወረወር ሰው የሚያስደነግጥ ልጅ ናት። በኬንያዎቹ ጨዋታ ከአሰልጣኟ ጋር ቃል ተመላልሰው ነበር፤ ለምን ከጎልሽ ወጣሽ፣ ለምን አልወጣም፣ ብቻ እንዲህ ያለ ነገር። ሁላችን ሰምተናል።

በጨዋታው ቀን ደርሰን ስናይ በረኛዋ ማሊያ አልለበሰችም። በዚያ ሙቀት እጅጌው የረዘመ ትልቅ ጃኬት ደርባ ከአሰልጣኟ አጠገብ ተቀምጣለች። ጎል ውስጥ የቆመችው ቀኝ ተከላካያችን ናት፤ ከሳብራ ገበያ የተገዛው ጓንት ሰፍቷት እየወለቀ ያስቸግራታል። አሰልጣኟን በሽቦው በኩል ጠራናት። «በረኛዋ ምን ሆና ነው?» አልናት። «ዛሬ ታርፋለች» አለችና ፊቷን አዞረች።

አራት ለዜሮ ተሸነፍን። ሁለተኛውን ጎል እኔም በዚህ በታመመ ወገቤ ባዳንኩት ነበር። ሦስተኛው በልጅቷ እግሮች መካከል ሲያልፍ ፀጉር ሠሪዋ ስልኩን ወደ እኔ አዞረች።

«እማማ፣ እስኪ እርስዎ ይናገሩ።»

ተናገርኩ። «ልጅቷ መልስ ስለሰጠቻት በቂም አስቀመጠቻት። ሰው በቂም አይመራም። ትውረድልን» አልኩ። ከየኩሽናው ቀይ ልብ እየተላከ የስልኩ ፊት ሞላ። ደስ አለኝ። እውነቱ ይጻፍ ካልኩ ይህም ይጻፍ፤ ደስ አለኝ።

ፊሽካው ሲነፋ አሰልጣኟ በረኛዋን ትከሻዋን ይዛ፣ ወደኛ ዞር ሳትል ሰርቪስ አስቁማ ሄደች። ሰርቪስ የምንለው ሰው እያጋራ የሚጭነውን ታክሲ ነው። «ናቀችን» አለች አንዷ። «ተጫዋቹንም ደጋፊውንም ናቀች» አለች ሌላዋ። በዚህ ስሜት ፀጉር ቤት ገባን። የሚጎነጎን ሰው እንኳ አልነበረም፤ ሁሉም ቆሞ ነው።

«እጅ እናውጣ» አለች ፀጉር ሠሪዋ።

«ትምጣና ትጠየቅ እንጂ» ያለች አንዲት ድምፅ ነበረች። የማን እንደሆነች እስከ ዛሬ አላወቅሁም። የእኔ ብትሆን ደስ ባለኝ።

«ማን ይጠብቃታል? አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ነው።»

እውነትም ብዙዎቹ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ቤት መግባት አለባቸው። የእኛ ፍርድ እንዲህ ነው፤ ማዳሞቹ በር ሳይዘጉ ማለቅ አለበት። እጆች ተነሡ፤ አንዱን እኔ አነሣሁ። በእሷ ቦታ ጉልበቷ ያበጠውን አማካያችንን ሾምን፤ መጫወት ስለማትችል ታሰልጥን ተባለ። መልእክቱን እንዳደርስ ደግሞ እኔን ላኩኝ። የሰው አንገት የሚያስደፋ ነገር በሽማግሌ አፍ ሲነገር ያምራል መሰላቸው።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጠበቅኋት። ነጠላዋን እያጣፋች መጣች።

«ልጄ፣ ደጋፊው ወስኗል። ሌላ ሰው ተተክቷል» አልኳት።

«እሺ እማማ» አለች። ከቦርሳዋ ደብተሩንና ፊሽካውን አውጥታ ሰጠችኝ። «የልጆቹ ሰዓት እዚህ ውስጥ አለ። የተተካችው ሴት ሳታነብ እንዳታሰልፍ ይንገሩልኝ» አለች። ለምን አላለችም። ማን ከሰሰኝም አላለችም።

ይህ እሺታ ሳምንቱን ሙሉ ከነከነኝ። ያጠፋ ሰው ይከራከራል፤ ያላጠፋም ይከራከራል። እኔ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» እየተባልኩ ያደግሁ ሴት ነኝ። በማዳሜ ቤት ሳለሁ ያልሰበርኩትን ብርጭቆ ሰበርሽ ብትለኝ ሦስት ቀን ተከራክሬ ስባሪው ከልጇ አልጋ ሥር እስኪወጣ ድረስ አልተኛሁም። ሾሞ መሻር የደጋፊ ወግ ነው ብዬ ራሴን ላታልል ሞከርኩ። አልሆነልኝም። የሚከራከር ሰው እንጂ እሺ የሚል ሰው ማሸነፍ አልለመድኩም።

ክለቡ በአዲሲቱ አሰልጣኝ ሁለት ጨዋታ አደረገ። በፊሊፒኖቹ ሦስት ለአንድ ተሸነፍን፤ ቀጥሎ የስሪላንካዎቹ ደገሙን። ደጋፊው ግን ያችኛይቱን መውቀሱን አልተወም።

«እሷ ጥላብን የሄደችው በሽታ ነው» ይላሉ። «በረኛዋን እንኳ አስቀይማ አባረረችብን። ይኸው ልጅቷ ከዚያ ቀን ወዲህ ብቅ አላለችም።»

እውነት ነው፤ በረኛዋ ጠፍታ ነበር። ስልክ ብንደውል አታነሣም። ተቀይማ ነው ብለን አመንን።

አንድ ረቡዕ ጠዋት ሱቄ ገባች። ማዳሟ ለልጇ ሠርግ ወርቅ ልታይ ወደኛ ሰፈር ወርቅ ቤቶች መጥታ «አሥር ደቂቃ» ብላ ለቃታለች። ግራ እጇ ከመዳፏ እስከ ክርኗ በጀሶ ታስሯል። በርበሬውን ትቼ ተነሣሁ።

«ምን ሆንሽ ልጄ?»

«ከመሰላል ወደቅሁ እማማ። መጋረጃ ስሰቅል።»

«መቼ?»

«በሴራሊዮኖቹ ጨዋታ ዋዜማ። ቅዳሜ።»

የሱቁን በር ገርበብ አድርጌ አስቀመጥኳትና ሁሉንም ነገረችኝ። ወለምታ መስሏት ለማንም ሳትናገር እጇን በሻርፕ ጠቅልላ ልትጫወት መጥታ ኖሯል። አሰልጣኟ ጓንቱን ስትሰጣት ጣቶቿ አልታጠፉም። ወዲያው ጓንቱን ቀማቻት፣ የራሷንም ጃኬት አለበሰቻት። ያለቻትን በረኛዋ ቃል በቃል ነገረችኝ።

«በማዳምሽ ቤት ሥራ ላይ ነው የወደቅሽው፤ የሚያሳክምሽ ታሚን አለ። ዛሬ ጓንት አድርገሽ በስልክ ከታየሽ ግን ኳስ ነው የሰበራት ይላሉ። ከዚያ በኋላ እጅሽ የአንቺ ብቻ ነው።»

ታሚን የሚባለው አሠሪ ለሠራተኛዋ የሚገባላት የሕክምና ዋስትና ነው። በቤቱ ሥራ ለደረሰ ጉዳት ይሠራል፤ በእሑድ ጨዋታ ለደረሰ ማንም አይሰማሽም። አሰልጣኟ ፊሽካው እንደተነፋ የቸኮለችው ለዚህ ነበር። ልጅቷን እስከ ማዳሟ በር አድርሳ፣ ዐረብኛዋ ጥሩ ስለሆነ «ከትናንት ጀምሮ አሟታል፤ ከመሰላል ወድቃ ነው፤ ሐኪም ይያት» ብላ ነግራላት ተመልሳለች። በማግሥቱ ሐኪም ቤት ሲወስዷት ሁለት ቦታ ተሰብሮ ተገኘ።

«ታዲያ ለእኛ ለምን አልነገረችንም?» አልኩ።

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። «ለእናንተ ብትነግር በስልኩ ላይ ትሉታላችሁ እማማ። የማዳሜ እህት ቤት የምትሠራዋ ልጅ ሁልጊዜ ታያችኋለች። ሴትየዋም ከኋላዋ ቆማ ታያለች። አንድ ቀን እርስዎ ሲጮኹ አይታ፣ እቺ አሮጊት ማን ናት ብላ ስቃለች።»

እኔ ለፍትሕ እየጮኽኩ በመሰለኝ ጊዜ የሰው ማዳም በኩሽና ስትስቅብኝ ኖራለች። ይህ ብዙም አላመመኝም። ያመመኝ አሰልጣኟ ከአፋችን ስትሸሽ እኛው አፍ ላይ መውደቋ ነው።

«ጀሶው ወጥቶ ሐኪሙ እስኪያሰናብተኝ ለማንም እንዳይናገሩ» አለችኝ። «እሷን ሲያወርዷት ልናገር ብዬ ነበር። ዝም በይ ያለችኝ እሷ ናት።»

ማልኩላት። ደቂቃው አልቆ ወጣች። አሁን የምጽፈው ልጅቷ ድና፣ ውሏን ጨርሳ አገሯ ስለገባች፣ ይጻፉትም ስላለችኝ ነው። ያኔ ግን ምስጢር ነበር። እኔ ደግሞ በዕድሜዬ ሙሉ ምስጢር ይዤ አላውቅም። ዝም አይነቅዝም የሚሉ ሰዎችን ፈሪ እላቸው ነበር። በስሱ ግድግዳ በኩል አሰልጣኟን ሲያሟት እየሰማሁ በርበሬ ስመዝን ደግሜ ደግሜ እሳሳት ነበር። አንድ ቃል ብናገር የእሷ ስም ይነጻል፤ ያው አንድ ቃል የልጅቷን እጅ ያሳጣታል። አሰልጣኟ በዚህ መካከል ቆማ ነው እሺ ያለችኝ። እኔ ለሁለት ሳምንት የከበደኝን እሷ ከማንም ጋር ሳትካፈል ይዛዋለች።

በመጨረሻ፣ ምስጢሩን ሳልናገር ፍርዱን ላስቀለብሰው ቆረጥኩ። እሑድ ከኬንያዎቹ ጋር ዜሮ ለዜሮ ወጥተን ፀጉር ቤቱ ሞልቶ ሳለ ተነሣሁ። ከወንበሬ ስነሣ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«የወረደችውን ሴት ነገር እንደገና እንየው» አልኩ።

«ምን አዲስ ነገር ተገኘ እማማ?» አለች ፀጉር ሠሪዋ።

«ሳትጠየቅ ነው ያወረድናት።»

«ይሄማ አዲስ አይደለም።»

«አዲስ አይደለም። ያን ዕለትም ስሕተት ነበር።»

«ትውረድ ያሉት እርስዎ አይደሉም እንዴ? ቪዲዮው አለኝ። ላሳይዎት?»

«አሳዪኝ። አሥር ጊዜ አሳዪኝ። ተሳስቼ ነበር።»

አንዷ ከኋላ «እማማ ተሳሳትኩ አሉ፤ ይቀረጽ ይቀረጽ» አለችና ተሳሳቁ።

«እሺ» አለች ፀጉር ሠሪዋ ማበጠሪያዋን እንደያዘች። «በረኛዋን ለምን እንዳስቀመጠቻት ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ።»

«ይንገሩና።»

«አልናገርም።»

«ለምን?»

«የማልናገርበትንም አልናገርም።»

መጀመሪያ ሳቁ። «የዳኛውን እናት የሰደቡ ሴት ዛሬ አፋቸውን ዘጉ» አለች አንዷ። ሌላዋ «ጥርስዎን አሞዎት ነው?» አለችኝ። እኔ ቆሜያለሁ። ሳቁ ቀስ በቀስ አለቀ። ፀጉር ሠሪዋ ፊቴን ስታየው ቆየችና ስልኩን ከመስተዋቱ ላይ አንሥታ አጠፋችው። ይህን ስታደርግ አይቻት አላውቅም።

«ጥፋት ነበረባት ወይስ አልነበረባትም? እሱን ብቻ ይንገሩን» አለችኝ።

«አልነበረባትም።»

«በማርያም?»

«በማርያም። በእኔ በኩል ያየሁት እንደዚያ ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ነው።»

ፀጉር ሠሪዋ ወደ ሌሎቹ ዞረች። «እኚህ ሴት የማይናገሩት ነገር ካለ፣ ከባድ ነገር ነው» አለች። ማንም ሳይጠይቃት እጇን አወጣች። አጠገቧ ያለችው ቀጠለች። ከዚያ ሌሎቹም ተከተሉ፤ የኋላ በሩ ላይ የቆሙት ሁለቱ ብቻ ተያይተው፣ እነሱም አነሡ። ሰዓት ስለሄደ ጫማቸውን እያሰሩ እጅ ያወጡም ነበሩ።

«በአደባባይ ያዋረድናትን በጓዳ አንክሳትም» አልኩ። «ስልኩን መልሰሽ አብሪው» አልኳት። ፀጉር ሠሪዋ ስልኩን አብርታ ፊት ለፊት ቆመች።

«አሰልጣኛችንን ሳንጠይቅ አውርደናታል። ጥፋት አልነበረባትም። ተሳስተናል» አለች። ከየኩሽናው ለምን፣ እንዴት የሚል ጥያቄ ዘነበ። «ኸላስ፣ በቃ፤ ለምን የለም» አለችና ዘጋችው። ይህቺን ሴት ብዙ ጊዜ ተከራክሬያታለሁ፤ ያን ቀን ግን ከእኔ የተሻለች ደጋፊ ነበረች።

ሰኞ ሱቁን ዘግቼ ሐምራ ሄድኩ። አሰልጣኟ ሥራ የምትጨርስበትን ሕንጻ አውቀዋለሁ። በረንዳ አጥባ ስትወጣ እጆቿ በክሎሪን ነጥተው፣ የቤት ጫማዋን በላስቲክ ይዛ ነበር። መንገድ ዳር ባለው የድንጋይ ደፍ ላይ ተቀመጥን። ከሁሉ አስቀድማ ስለ በረኛዋ እጅ ጠየቀችኝ።

«እንዴት አወቅሽ መስማቴን?» አልኳት።

«ነግራኛለች። እርስዎ ለሁለት ሳምንት ዝም ማለትዎንም ነግራኛለች» አለችና ፈገግ አለች። «እሱን ግን አላመንኳትም ነበር።»

የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። እጆቹ እንዴት እንደተነሡ፣ ፀጉር ሠሪዋ በስልኩ ላይ ምን እንዳለች። ይቅርታም ጠየቅኋት፤ የራሴን ለብቻው፣ የክለቡን ለብቻው። አንገቷን ነቅንቃ ተቀበለችኝ። አልተመጻደቀችም፤ አላለቀሰችም። ከባዱ አለቀ ብዬ ተነፈስኩ።

«እንግዲህ እሑድ ትመጫለሽ። አንድ ጨዋታ ይቀራል» አልኳት።

«አማካይዋ ምን አለች?»

«የቷ አማካይ?»

«አሁን የምታሰለጥነው ልጅ። እጅ ስታወጡ ነበረች?»

አልነበረችም። ሜዳው ላይ ቀርታ ኳሶቹን እየለቀመች፣ ለሚቀጥለው እሑድ ሜዳውን እያስያዘች ነበር። እኔ፣ ሰው ሳይጠየቅ አይፈረድበትም ብዬ ወንበሬን ትቼ የተነሣሁት ሴት፣ ስለ እሷ አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብኩም። ይህንንም ነገርኳት። መዋሸት አላማረኝም።

አሰልጣኟ የቤት ጫማዋን ላስቲክ ቋጠረችና ተነሣች። ሁልጊዜ እንደምትናገረው፣ ድምፅዋን ሳታነሣ መለሰችልኝ።

«እማማ፣ እኔን ሳይጠይቁ አወረዱኝ። አሁን ደግሞ እሷን ሳይጠይቁ ሊያወርዱልኝ መጡ። ሄደው እሷን ይጠይቁ። ልቀጥል ካለች እኔ አልመለስም።»